እንግሊዝኛ እንጀራ ይሆናል?

ጥያቄ፦ አጋሮ ነው የምኖረው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ መማር እፈልጋለሁ፤ አባቴ ግን «እንጀራ አይሆንሽም» ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ የአባትሽ ስጋት ከፍቅር የመነጨ ነውና ቁጭ ብለሽ አስረጂያቸው። ትምህርቱ ሰዋስው ብቻ አይደለም፤ የድምፅ ጥናት፣ ልቦለድ፣ ግጥም፣ ተውኔትና የጽሑፍ ክሂል አሉበት። የእኛም ደራሲዎች በቋንቋው ጽፈዋል፦ የጸጋዬ ገብረ መድኅን ተውኔት «ኦዳ ኦክ ኦራክል» እ.ኤ.አ. በ1965፣ የዳኛቸው ወርቁ ልቦለድ «ዘ ሰርቲንዝ ሰን» በ1973 ታትመዋል።

ወደ እንጀራው ስንመጣ፣ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ስለሆነ ጎበዝ መምህር ምንጊዜም ይፈለጋል፤ የመምህርነት ሥልጠና ጨምሪበት። ቡና ላኪም ለውጭ ገዢ ናሙና ሲልክ፣ ቡናው የታጠበ ይሁን በፀሐይ የደረቀ፣ ጣዕሙንና የሚጫንበትን ጊዜ በጠራ እንግሊዝኛ መጻፍ አለበት። አንድ የተምታታ ዓረፍተ ነገር ውል ያበላሻል። ስለዚህ የንግድ ደብዳቤ አጻጻፍና ኮምፒዩተር ጎን ለጎን ተማሪ። ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግድ ነውና ማስታወሻሽን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምረሽ ያዢ።

ማንበብ ከልብሽ የምትወጂ ከሆነ ሳታመነቺ ግቢበት። ንባብ የሚሰለችሽ ከሆነ ግን ሌላ የትምህርት ክፍል ምረጪ።