መሣል የሚችሉ ልጆቻችንን ለሙያ ማብቃት

ለደብተራ ኦሪት ሥራ በስሙ የተጠራው ባስልኤል የእጅ ጥበብን ብቻ ሳይሆን ሌሎችን የማስተማር ጸጋም ተሰጥቶታል (ዘጸ. 35፥30-34)። የአገራችን የብራናና የግድግዳ ሥዕልም ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ሲተላለፍ የኖረ ነው። ዛሬ ግን መሣል የሚችሉ ወጣቶችን ለበዓል ጌጥ እንጠራቸዋለን እንጂ በሙያቸው እንዴት እንደሚተዳደሩ አንመክራቸውም። ስለዚህ አጥቢያዎች የሚከተሉትን እንዲፈጽሙ እናሳስባለን።

አንደኛ፣ ከዓመታዊው ክብረ በዓል ጋር የሥዕል ዐውደ ርእይ ይዘጋጅ። ነባር ሠዓልያን ተጋብዘው የወጣቶቹን ሥራ ይመልከቱ፤ የቀለም አያያዝንና የቅዱሳት ሥዕላትን ሥርዐት ያስረዱ።

ሁለተኛ፣ የሙያው በሮች ይነገሯቸው። የመማሪያ መጻሕፍት፣ የልጆች ተረቶችና የጤና ማስተማሪያ ፖስተሮች ሁሉ ሠዓሊ ይፈልጋሉ። መደበኛ ትምህርት ለሚሹም ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የመሠረቱት፣ አሁን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ይገኛል። ወጣቶቹ የተሻሉ ሥራዎቻቸውን መርጠው በአንድ ማኅደር እንዲይዙ ይመከሩ፤ ሥራ የሚሰጥ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው እርሱን ነውና።

ሦስተኛ፣ አጥቢያው ራሱ ሥዕል ሲያሠራ ዋጋውን፣ የክፍያውን ጊዜና ስንት ጊዜ እንደሚታረም በጽሑፍ ይዋዋል። ሠራተኛ ዋጋው እንደሚገባው ወንጌል ያስተምራል (ሉቃ. 10፥7)። «ለቤተ ክርስቲያን ነው» እየተባለ የቀለም ወጪ እንኳ ሳይተካ መቅረት የለበትም፤ በነጻ የሚያገለግል ቢኖር ስጦታው በገዛ ፈቃዱ የወሰነው ይሁን።

ለውይይት፦ በአጥቢያችን መሣል የሚችሉ ልጆች እነማን ናቸው? እስከ ዛሬ ያሠራናቸውስ ተገቢውን ዋጋ አግኝተዋልን?