ልጅን ዋና ስናስተምር ከትንፋሽ እንጀምር

ብዙ ወላጅ ልጁን ዋና ማስተማር የሚጀምረው ከእጅና ከእግር ነው። ነገር ግን ፊቱን ውኃ በነካው ቁጥር ትንፋሽ የሚያጥረው ልጅ እጅና እግሩ አይታዘዙለትም። ትንፋሹን መግዛት ሲችል ፍርሃቱም አብሮ ይቀንሳል፤ ጨዋታውም ያኔ ይመጣል።

1. አረፋ ማውጣት

ልጁ ውኃው ከደረቱ በማይበልጥበት ቦታ ቆሞ የገንዳውን ጠርዝ ይያዝ። ከንፈሩን ውኃው ውስጥ ነክሮ፣ ትኩስ ሻይ እንደሚያቀዘቅዝ ሰው «እፍ» ይበል። አረፋው ሲቡለቀለቅ መሳቁ አይቀርም። ቀጥሎ አፍንጫውን፣ በመጨረሻም ዓይኑን ይጨምር። አየር የሚያስገባው ከውኃው ቀና ሲል በአፉ ነው፤ የሚያስወጣው ውኃ ውስጥ ሆኖ ነው።

2. በጀርባ መንሳፈፍ

አንድ መዳፋችሁን ከማጅራቱ፣ ሌላውን ከወገቡ ሥር አድርጉ። ጆሮዎቹ ውኃ ውስጥ ይግቡ፤ ዓይኑ ወደ ላይ ይመልከት። የፈራ ልጅ እግሩን ለማየት ጭንቅላቱን ያነሳል፤ ጭንቅላቱ ሲነሳ ደግሞ ወገቡ ይሰምጣል። «ሆድህን ወደ ላይ!» በሉት። አየር ሲስብ ደረቱ ከፍ እንደሚል ራሱ ይሰማዋል። ከዚያ «ልልቀቅህ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ እሺ ካላለ አትልቀቁት።

3. እግር መምታት

ጠርዙን ይዞ በሆዱ ይዘርጋ። እግሩን የሚያንቀሳቅሰው ከዳሌው ነው፤ ጉልበቱን እንደ ብስክሌት ነጂ አይጠፍ።

4. አለማስገደድ

«ይለምዳል» ብሎ ልጅን ውኃ ውስጥ መወርወር የሚያስተምረው ፍርሃትን ብቻ ነው። ትንሽ ልጅ ቶሎ ይበርደዋል፤ ከንፈሩ ወደ ሰማያዊ ሲያደላ ወይም ሲንቀጠቀጥ አውጥታችሁ በፎጣ ጠቅልሉት። ትምህርቱን ገና ሳይሰለች አቁሙለት፤ በሚቀጥለው ጊዜ ራሱ «እንሂድ» ይላችኋል።

5. ዓይን አለመንቀል

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያመለክተው፣ ለመስጠም አደጋ ከሁሉም በላይ የተጋለጡት ከ1 እስከ 4 ዓመት ያሉ ሕፃናት ናቸው። የሚሰምጥ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ አይጮኽም፤ ለመተንፈስ እየታገለ ድምፅ ከየት ያመጣል? ስለዚህ ስልካችሁን አስቀምጡና እጃችሁን ስትዘረጉ የምትደርሱበት ርቀት ላይ ሁኑ። በአየር የሚነፋ የክንድ መንሳፈፊያ መጫወቻ እንጂ ዋስትና አይደለም።

ሐይቅ ከሆነም ቦታ ምረጡ፤ ጣናና ዝዋይን በመሳሰሉ ሐይቆች ዳርቻ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች አሉ። ለጀማሪ ልጅ ንጹሕና ጥልቀት የሌለው ገንዳ ይሻላል። ዋና ለምዷል ብላችሁም አትዘናጉ፤ ጎበዝ ዋናተኛ የሆነ ሕፃንም አጠገቡ የሚጠብቀው አዋቂ ያስፈልገዋል።