የኋለኛው ረድፍ

ቦታው ካርቱም፣ አርካዊት ነው፤ ጊዜው ጦርነት ከተማዋን ሳይበትናት በፊት። ፀሐይ ብትጠልቅም የሆሹ፣ የግቢው፣ ግድግዳ ሙቀቱን ገና አልለቀቀም። አዛውንቱ በወጣትነታቸው ኢትዮጵያ ውስጥ በማርሽ ባንድ ትሮምቦን ይነፉ የነበሩ፣ ስደት ሱዳን ያስቀራቸው ሰው ናቸው። ወጣቱ ትራምፔት ተጫዋች ነው። ወደ አገሩ ሊመለስ ሲሰናዳ አንድ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ማርሽ ባንድ እንዲያቋቁምለት ጠይቆታል። አንገረቡ ላይ ተቀምጠው፣ ጀበናው በመካከላቸው ሆኖ እንዲህ ተባባሉ።

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት። ሥራውን ልያዘው ወይስ ልተወው? እውነቱን ልንገርዎት፣ ልቤ አልገባበትም። አዲስ ተማሪ ሲመጣ ተሰልፎ መንፋት፣ ተማሪ ሲመረቅ ተሰልፎ መንፋት። ዕድሜዬን በዚህ ልጨርስ?

አዛውንቱ፦ ብትጨርስ ምን ይቀርብሃል?

ወጣቱ፦ መድረክ ይቀርብኛል። ትራምፔት የተማርኩት ብቻዬን ቆሜ ሰው እንዲሰማኝ ነው።

አዛውንቱ፦ ሳትደብቅ ነገርከኝ፤ ደግ አደረግህ። እንግዲያው ከአባቶቻችን ሰልፍ እንነሣ። ድሮ መኳንንት ሲጓዙ ነጋሪት ይጎሰማል፣ መለከትና እምቢልታ ይነፋል። እምቢልታ ጣት የሚደፍነው ቀዳዳ የለውም። አንዱ ነፊ የሚያወጣው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ነው። ታዲያ ዜማው ከየት ይመጣል?

ወጣቱ፦ ሦስት ሆነው ይነፉታላ። አንዱ ሲያቆም ሌላው ይቀበለዋል።

አዛውንቱ፦ አዎ። ዜማውን ከሦስቱ አንዱም ብቻውን አልያዘውም። አንዱ ጓደኛውን መስማት ካቆመ የሚቀረው ጩኸት ነው። የማርሽ ባንድ መሪ ሥራ ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ አርባና ሃምሳ ሰው እርስ በርሱ እንዲሰማማ ማድረግ ነው። አንተ ደግሞ እንዲሰሙህ እንጂ እንድትሰማ አልተማርክም።

ወጣቱ፦ የነሐሱ ሙዚቃ ግን ከውጭ የመጣ ነው፤ ከእምቢልታ ጋር ምን ያገናኘዋል?

አዛውንቱ፦ ከውጭ መጣ፤ እኛ ዘንድ ሥር የሰደደው ግን በአስተማሪዎች ትዕግሥት ነው። ከዐድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ኒኮላስ 2ኛ ለዐፄ ምኒልክ የነሐስ የሙዚቃ መሣሪያዎች ላከ፤ ሚሌቭስኪ የሚባል ፖላንዳዊ አሠልጣኝም አብሮ መጣ። ከዚያ በኋላ ነው የአርባዎቹ ልጆች ታሪክ።

ወጣቱ፦ ስለ አርባ ልጆች ሰምቻለሁ፤ በቅጡ ግን አላውቀውም።

አዛውንቱ፦ እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ሄዱ። እዚያ በአርመኖች ገዳም ያደጉ፣ ከእልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች በነሐስ ባንድ ተሰልፈው ሲነፉ ሰሟቸው። ፓትርያርኩን አስፈቅደው አርባውን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ። ልጆቹ የመንግሥት የሙዚቃ ጓድ ሆኑ። አራት ዓመት ገደማ ሠርተው ውላቸው ሲያበቃ ግን ተበተኑ።

ወጣቱ፦ እንግዲህ ይኸው ነው የምፈራው! የለፉበት ሁሉ ተበተነ።

አዛውንቱ፦ ቆይ፣ አትቸኩል። ልጆቹ ተበተኑ፤ አስተማሪው ግን ቀሩ። የኢትዮጵያ ልጆችን ማሠልጠን ያዙ። በ1923 ዓ.ም. ጥቅምት፣ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል የተሰማውን የሕዝብ መዝሙር ዜማ የደረሱትም እሳቸው ናቸው። ያ መዝሙር እስከ ደርግ ዘመን ከ40 ዓመት በላይ ተዘመረ። ዘራቸውም እዚያ አላበቃም። የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን የማዘጋጃ ቤቱን ባንድ፣ ኋላም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርን፣ የዛሬውን ብሔራዊ ቴአትር ኦርኬስትራ መርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1977 እስኪያርፉ ድረስ ሥራቸው ማስተማርና የእኛን ቅኝት ለነሐስ መሣሪያ ማዘጋጀት ነበር። ከእነዚያ ባንዶች የወጡት እነማን እንደሆኑ ታውቃለህ።

ወጣቱ፦ ጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎኑን የጀመረው በማዘጋጃ ቤት ነው።

አዛውንቱ፦ እንግዲያስ! አንተ የምትመኘው ብቸኛ ድምፅ ከየት እንደበቀለ ራስህ ነገርከኝ። ከሰልፍ ነው የወጣው።

ወጣቱ፦ እሺ፣ ይሁን። ግን እነዚያ ደመወዝተኞች ነበሩ፤ ያሠለጠኑት ሰው አብሯቸው ይቆያል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ኖታ ማንበብ ሲጀምር ተመርቆ ይሄዳል።

አዛውንቱ፦ አሁን ትክክለኛው ጥያቄ ላይ ደረስክ። በአሜሪካ፣ በፍሎሪዳ ታላሃሲ በምትባል ከተማ ዶክተር ዊሊያም ፎስተር የሚባሉ ጥቁር ሰው ነበሩ። ወጣት ሳሉ ለጥቁር የሙዚቃ መሪ ሥራ እንደሌለ ተነገራቸው። እሳቸውም የጥቁር ተማሪዎች ባንድ ከማንም እንደማያንስ በሥራ አሳያለሁ ብለው ተነሡ። እ.ኤ.አ. በ1946 የፍሎሪዳ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲን ማርሽ ባንድ ተረከቡ፤ የለቀቁት በ1998 ነው። ሃምሳ ሁለት ዓመት! ተማሪ በአራት ዓመት ይመረቃል ካልን፣ ባንዱ በእጃቸው 13 ጊዜ ከሥሩ ተለውጧል።

ወጣቱ፦ 13 ጊዜ ከዜሮ መጀመር? እንዴት አልሰለቻቸውም?

አዛውንቱ፦ ከዜሮ አይጀመርም። በየዓመቱ ከአራቱ አንዱ እጅ ይወጣል፤ ሦስቱ እጅ ይቀራል። የቀረው ለመጣው ያስተላልፋል። ዕቅድህ ይህ ካልሆነ በየመስከረሙ ታለቅሳለህ። ሁለተኛ ዓመቱ አንደኛ ዓመቱን እንዲያስተምር ካደረግህ ግን ባንዱ ራሱ ትምህርት ቤት ይሆናል። የፎስተር ባንድ እ.ኤ.አ. በ1989 የፈረንሳይ አብዮት 200ኛ ዓመት ሲከበር አሜሪካን ወክሎ በፓሪስ ጎዳና ተሰልፏል። ያን ቀን የነፉት ተማሪዎች ፎስተር ሥራ ሲጀምሩ ገና አልተወለዱም ነበር።

ወጣቱ፦ ትዕግሥቱን ተረዳሁ። እስኪ ሙያውን ያስረዱኝ። ቆሞ መንፋት እችላለሁ፤ ሰልፍ ላይ ምኑ ይለያል?

አዛውንቱ፦ ከእግር ጀምር። እግርህን በጠፍጣፋው ብትጥል ንዝረቱ እስከ ከንፈርህ ይደርሳል፤ መንፊያው ከንፈርህ ላይ ይዘላል፣ ድምፁ ይሰበራል። ተረከዝ ቀድሞ ይረፍ፤ እግሩ ወደ ጣት ይንከባለል። ከወገብ በላይ ቡና የሞላ ሲኒ እንደተሸከመ ሰው ይሁን። ትሮምቦኖችን ፊት አሰልፋቸው፤ መሳቢያው ሲዘረጋ የፊተኛውን ሰው ጀርባ እንዳይመታ። ከበሮን ደግሞ መሐል።

ወጣቱ፦ መሐል ለምን?

አዛውንቱ፦ ድምፅ በአንድ ሰከንድ የሚሄደው 340 ሜትር ያህል ነው። በሁለት ሁለት ሜትር ርቀት 18 ረድፍ ብታሰልፍ ከፊተኛው እስከ ኋለኛው 34 ሜትር ይሆናል። ስለዚህ ፊት የተመታ ከበሮ ኋላ የሚደርሰው በሰከንድ አንድ አሥረኛ ዘግይቶ ነው። በደቂቃ 120 እርምጃ ስትሄድ አንዱ እርምጃ ግማሽ ሰከንድ ይፈጃል። ኋላ ያለው ልጅ በጆሮው ብቻ ከተመራ የእርምጃውን አንድ አምስተኛ ይዘገያል፤ ሕዝቡም ባንዱ ለሁለት የተሰነጠቀ ይመስለዋል። ከበሮው መሐል ሲሆን ርቀቱ በግማሽ ይቀንሳል። ቀሪውን ዓይን ይሞላዋል፤ የመሪውን ዘንግና የፊቱን ሰው እግር ማየት አለበት።

ወጣቱ፦ ይህን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ሁልጊዜ ከፊት ነው የቆምኩት።

አዛውንቱ፦ ከፊት የቆመ አያውቀውም። ሌላም አለ፤ የካርቱም ሙቀት ያስተማረኝ። አየሩ ሲግል የነሐስ መሣሪያ ድምፁ ወደ ላይ ይወጣል። ጥላ ውስጥ ተቃኝተህ ፀሐይ ላይ ብትወጣ ቅኝቱ ይከዳሃል። ስለዚህ በምትነፋበት ቦታ ተቃኝ፤ የመቃኛውን ቱቦ ሳብ አድርግ። መስክ ላይ ከመውጣትህ በፊት ልጆቹ ውኃ ይጠጡ።

ወጣቱ፦ ምን እናጫውት? የውጭ ማርሽ ነው እጄ ላይ ያለው።

አዛውንቱ፦ እሱንም ተማሩበት፤ ግን እዚያ አትቁም። እነዚህን ሱዳኖች ተመልከት። የወታደር ባንዳቸው የየብሔረሰቡን ዘፈን ወስዶ ማርሽ አድርጎታል። ከኑባ ተራሮች የሱልጣን ዐጀብና ልጅ፣ የመንዲ ስም የተሸከመ ማርሽ አላቸው። ብሔራዊ መዝሙራቸውንም ያቀናበሩት አሕመድ ሙርጃን ከወታደር ሙዚቃ የወጡ ሰው ናቸው። የእነሱም ዘፈን እንደ እኛ ባለ አምስት ድምፅ ስለሆነ ነው ሱዳንኛ አዲስ አበባ ላይ ሰው የሚያስጨፍረው። አንተም ባቲን፣ አምባሰልን ለሰልፍ አዘጋጅ። የተመራቂው እናት ከገጠር ስትመጣ የምታውቀውን ዜማ ትስማ።

ወጣቱ፦ ልጆቹን እንዴት ሥርዓት ላስይዝ? ባንድ ያለ ቁጣ አይሆንም ይላሉ።

አዛውንቱ፦ እዚህ ላይ አጥብቀህ ስማኝ። እኔ በነበርኩበት ክፍል ጀማሪ ኖታ ከሳተ ነባሩ በጥፊ ይመታው ነበር። እኔም ተመታሁ። ከዚያ ሁለት ወር ሙሉ ድምፅ ሳላወጣ፣ የምነፋ መስዬ ተሰለፍኩ። ከመሳሳት ዝም ማለት ይሻላል አልኩ። ያ ጥፊ ባንዱን አንድ ትሮምቦን አሳጣው፤ ማንም ግን አላወቀም።

ወጣቱ፦ ጥፊ እኮ ለማረም ነው ይባላል።

አዛውንቱ፦ የዶክተር ፎስተርን ባንድ ነገርኩህ አይደል? እሳቸው ሥራ ከለቀቁ ከ13 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2011፣ ከዚያው ባንድ አንድ ወጣት የሰልፍ መሪ ባልደረቦቹ ወግ ነው ብለው አውቶቡስ ውስጥ ደብድበውት ሞተ። ባንዱ ታገደ፤ እስከ 2013 አልተሰለፈም። የግማሽ ምዕተ ዓመት ክብር አንድ ልጅ ሊያድን አልቻለም። ነባሩ ለጀማሪው ዕውቀትን እንደሚያስተላልፍ ሁሉ ጭካኔንም ያስተላልፋል። መሪ ጆሮውን ኖታው ላይ ብቻ ካደረገ፣ አውቶቡስ ውስጥ የሚሆነውን አይሰማም። ዱላ ወግ ሲሆን ካየህ፣ ሰልፉ የቱንም ያህል ቢያምር፣ አስቁመው።

ወጣቱ፦ (ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ) ታዲያ በመጀመሪያው ቀን ምን ላድርግ?

አዛውንቱ፦ መሣሪያ ሳታስይዝ ስማቸውን ያዝ። ከዚያ መተንፈስ አስተምራቸው፤ አራት እርምጃ ሲሄዱ ወደ ውስጥ፣ አራት ሲሄዱ ወደ ውጭ። ሲራመዱ አንተ ፊት አትቁም። ወደ ኋለኛው ረድፍ ሂድ፤ ከሁሉ የደከመው ጀማሪ አጠገብ ቁም። እሱ የሚሰማውን ስማ። ከበሮው የሚዘገየው፣ ዘንጉ የማይታየው፣ ነባሩ ክፉ ቃል የሚናገረው እዚያ ነው። የባንድህን ልክ እዚያ ታገኘዋለህ።

ወጣቱ፦ ትራምፔቴንስ ምን ላድርገው?

አዛውንቱ፦ ይዘኸው ሂድ እንጂ! ከኋለኛው ረድፍ ንፋ። ያ ልጅ አጠገቡ የሚከተለው ጥርት ያለ ድምፅ ያስፈልገዋል።