ቀዳዳ ሁሉ ከአንድ መስመር ይለካል

እየተፈታ የሚገጠም ቀስት ሦስት ክፍል አለው፤ በመካከል እጀታው፣ ከላይና ከታች ሁለቱ ክንፎች። እያንዳንዱን ክንፍ ከእጀታው ጋር የሚያስረው አንድ ቡሎን ነው። ከቡሎኑ ትንሽ ራቅ ብሎም ክንፉ እንዳይዞር የሚይዝ ቀጭን ፒን ይገባል። ቡሎኑ መርካቶ ይገዛል፤ ቀዳዳውን ግን ሠሪው ራሱ ያወጣዋል። የዛሬው ትምህርት ስለዚያ ቀዳዳ ነው።

በቡሎን የሚታሰር ክንፍ ያለው ቀስት ብቻ አይደለም፤ አውሮፕላንም አለው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ቦሌ ከመዛወሩ በፊት መነሻው የአዲስ አበባው የልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ በረራ ሲጀምር ይዞት የተነሣው ሲ-47 ነው። የዚያ አውሮፕላን የውጭ ክንፎች ከመካከለኛው ክፍል ጋር የሚጋጠሙት ዙሪያውን በተደረደሩ ቡሎኖች ስለሆነ፣ ይፈታሉ፣ መልሰውም ይታሰራሉ። የተፈታ ክንፍ ወደ ቦታው በትክክል የሚመለሰው ቀዳዳና ቀዳዳ ፊት ለፊት ሲገናኝ ብቻ ነው። ቀስትም የሚገዛው በዚሁ ሕግ ነው።

መሠረቱ ይህ ነው፦ በእጀታውም በክንፉም ላይ ያለ ቀዳዳ ሁሉ ከአንድ የመካከል መስመር ይለካል። ከጠርዝ አይለካም። ለምን ቢሉ፣ ጠርዝ በመላጊያና በብርጭቆ ወረቀት ይለወጣል። ዛሬ የለካችሁበት ጠርዝ ነገ የለም። ሁለተኛውም ቀዳዳ ከመጀመሪያው አይለካም፤ የመጀመሪያው ስቶ ከሆነ ስሕተቱን ያወርሰዋልና።

ስሕተቱ ምን ያህል ይጎዳል? ቡሎኑም ፒኑም በአንድ አቅጣጫ እኩል 0.5 ሚሊሜትር ቢስቱ፣ ክንፉ እንዳለ 0.5 ሚሊሜትር ይገፋል፤ ይህ ይቻላል። አንዱ ልክ ሆኖ ሌላው 0.5 ሚሊሜትር ቢስት ግን ክንፉ ይዞራል። በቡሎኑና በፒኑ መካከል 40 ሚሊሜትር፣ ከቡሎኑ እስከ ክንፉ ጫፍ 500 ሚሊሜትር ቢሆን፣ ያቺ ግማሽ ሚሊሜትር ጫፉ ላይ ከ6 ሚሊሜትር በላይ ትሆናለች። አውታሩ የእጀታውን መካከል ይለቃል፤ ቀስቱ ሲሳብም ክንፉ ይጠመዘዛል። ስለዚህ በእኔ አስተያየት ከቡሎኑ ይልቅ የፒኑ ቀዳዳ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ብዙ ጀማሪ ግን ፒን ቀጭን ስለሆነ ይንቀዋል።

ቦታው ልክ ሆኖ ቀዳዳው ያዘመመ እንደሆነስ? 30 ሚሊሜትር ጥልቀት ያለው ቀዳዳ 2 ዲግሪ ቢያዘም፣ ታች ሲደርስ 1 ሚሊሜትር ያህል ስቷል። የቡሎኑ ራስ በአንድ ጎኑ ብቻ ይቀመጥና ክንፉን እዚያው ይጫነዋል። ቀርከሃ ከሆነ መሰንጠቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ስለዚህ እጀታው ገና አራት ማዕዘን ሳለ ቀዳዳውን አውጡ፤ ለእጅ መያዣ ተቀርጾ ካለቀ በኋላ ስኳድራ የሚያርፍበት ቀጥ ያለ ፊት አይገኝም። ክንፉ የሚያርፍበት ፊት ተዳፋት ነው። ያንን ተዳፋት ስትቆርጡ የወደቀውን ሽብልቅ አትጣሉት። ከእጀታው ሥር ሲደረግ ማዕዘኑ ያው ስለሆነ፣ ተዳፋቱ ከባለ መቆሚያው ትራፓኖ ጠረጴዛ ጋር እኩል ይተኛል፣ ፑንታውም ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ከዚያ በሞርሳ እሰሩት፤ በእጅ የተያዘ እንጨት ይሸሻል።

ወይራ ለእጀታ የሚመረጥ ጠጣር እንጨት ነው፤ ጭረቱ ግን ይጠማዘዛል። ወፍራም ፑንታ በቀጥታ ብትሰዱበት ጫፉ ጠንካራውን ጭረት ሸሽቶ ወደ ለስላሳው ይንሸራተታል፤ ዓይናችሁ ሳያየው ምልክቱን ያልፋል። መጀመሪያ በሹል ብረት ነጥቡን ምቱ፤ ከዚያ በ3 ሚሊሜትር ፑንታ ክፈቱ፤ ቀጥሎ አስፉት። እየደጋገማችሁ ፑንታውን አውጥታችሁ ፍርፋሪውን አራግፉ፤ ካልወጣ ይግልና ቀዳዳውን ያሰፋል። ከሥር ትርፍ ጣውላ ካለ መውጫው አይፈነቀልም። ክንፉን ደግሞ ለብቻው ለክቶ ከመብሳት ይልቅ፣ የመካከል መስመሩን ከእጀታው መስመር ጋር አጋጥሞ ማሰርና የፒኑን ቀዳዳ ሁለቱን በአንድ ጊዜ መብሳት ይሻላል።

ለመፈተሽ ቀጥ ያለ የብረት ዘንግ በቀዳዳው አቁሙና ስኳድራ ከፊትም ከጎንም አስጠጉ። በሁለቱም በኩል ብርሃን ካላሳለፈ ቀዳዳው ቀጥ ያለ ነው።

ቀዳዳው ከሳተ በሞረድ አስፍቶ ማስተካከል የተለመደ ነው፤ እኔ አልቀበለውም። የሰፋ ቀዳዳ ቡሎኑን ስለማይይዝ ክንፉ በየውርወራው ቦታውን ይለውጣል። የሚሻለው ቀዳዳውን ከዚያው እንጨት በተጠረበ ክብ ውታፍና በኤፖክሲ ኮላ መድፈን፣ ኮላው ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ መጠበቅ፣ ከዚያም ከመካከሉ መስመር እንደ አዲስ ለክቶ መብሳት ነው። እስከዚያ ድረስ ቀስቱን ወጥራችሁ አትሳቡት፤ በጠማማ ክንፍ ላይ ያለ አውታር ከጫፉ ሊያመልጥና ሳቢውን ሊመታ ይችላል።