ሎክፓልና ሄምኩንድ፤ ሁለት ሃይማኖቶች ባንድ ሐይቅ ዳር

የሕንድን ሃይማኖቶች ስናጠና አብዛኛውን ጊዜ የምንጀምረው ከመጻሕፍቱ ነው፤ ሕዝቡ በእግሩ የሚጓዝበትን ሥፍራ ግን እምብዛም አንመለከትም። በዚህ ጽሑፍ አንድ ሐይቅ ብቻ ይዘን፣ ሂንዱዎችና ሲኮች ስለ ቅዱስ ሥፍራ ያላቸው አሳብ የት እንደሚገናኝና የት እንደሚለያይ ለመመርመር እንሞክራለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሐይቁ የሚገኘው በሰሜን ሕንድ፣ በኡታራክሃንድ ግዛት፣ በሂማላያ ተራሮች መካከል ነው። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር ስለሚበልጥ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ገደማ መንገዱ በበረዶ ተዘግቶ ይቆያል። ሂንዱዎች «ሎክፓል» ይሉታል፤ ሲኮች ግን «ሄምኩንድ»፣ ማለትም የበረዶ ኩሬ፣ ብለው ይጠሩታል።

በሂንዱዎች ዘንድ የተሳላሚዎች ሥፍራ «ቲርታ» ይባላል። ቃሉ በእኛ አነጋገር መልካ ማለት ነው፤ ወንዝ የሚሻገሩበት። ሰው ከዚህ ዓለም ወደ ወዲያኛው ዳርቻ የሚሻገረው በዚያ ነውና ሥፍራው ራሱ፣ ውኃውም ራሱ ኃይል አለው ብለው ያምናሉ። በራማያና ታሪክ የታወቀው የራማ ወንድም ላክሽማና በዚህ ሐይቅ ዳር ሱባዔ ይዞ ነበር ይባላል፤ በስሙም የተሠራ ትንሽ ቤተ መቅደስ አለ። በአካባቢው የሚበቅለውን «ብራህማ ካማል» የተባለውን አበባ ምእመናኑ ለመባ ያቀርቡታል።

የሲኮች ነገር ግን ያስቸግራል። የሃይማኖቱ መሥራች ጉሩ ናናክ (1469–1539) በውኃ መታጠብ ብቻውን ልብን አያነጻም ብሎ ያስተምር ነበር። እንደሚተረከው፣ በጋንጅስ ወንዝ ዳር በሃርድዋር ከተማ ሰዎች ለሙታን ዘመዶቻቸው ይደርሳል ብለው ውኃ ወደ ምሥራቅ ሲረጩ አየ። እርሱም ፊቱን ወደ ምዕራብ መልሶ ይረጭ ጀመር። ምን ታደርጋለህ ቢሉት፣ በፑንጃብ ያለውን እርሻዬን አጠጣለሁ አላቸው። ሲስቁበትም፣ የእናንተ ውኃ ሙታን ዘንድ ከደረሰ የእኔ ለቅርቡ እርሻ እንዴት ያንሳል ሲል መለሰላቸው።

ታዲያ የዚህ ሰው ተከታዮች በበረዶ ውኃ ለመጠመቅ ያን ያህል ተራራ ለምን ይወጣሉ?

መልሱ የሚገኘው በአሥረኛው ጉሩ በጎቢንድ ሲንግ (1666–1708) ዘንድ ነው። «ባቺታር ናታክ» በተባለው የግጥም ድርሰት ውስጥ፣ ጉሩው ከመወለዱ በፊት በነበረው ሕይወቱ ሰባት ጫፍ ባለው በሄምኩንት ተራራ ከፈጣሪው ጋር አንድ እስኪሆን ድረስ ተመሥጦ እንደ ኖረ ይነገራል። ድርሰቱ መንገዱን አያመለክትም። በ1930ዎቹ ዓመታት ሶሃን ሲንግ የተባለ ጡረተኛ ወታደር ተራራውን ፍለጋ ወጣ፤ የሎክፓልን ሐይቅ ሲያይም ይህ ነው አለ። ብዙም ሳይቆይ በዳሩ አንዲት ትንሽ የጸሎት ቤት ተሠራች፤ ዛሬ በቦታዋ ትልቅ ጉርድዋራ ቆሟል።

እንግዲህ ለሂንዱው ሐይቁ ጥንቱንም ቅዱስ ነበር፤ ሲኩ የሚያከብረው ግን ጉሩው እግዚአብሔርን አስቦበታል ብሎ ነው። ልዩነቱ በጽሑፍ ጥርት ያለ ነው። ዳሩ ግን ከውኃው የሚገባውን ገበሬ ብንጠይቀው እንዲህ ለይቶ የሚመልስልን አይመስለንም። ከሲኮች ሊቃውንት መካከልም የድርሰቱን ደራሲነት የሚጠራጠሩና እንዲህ ያለው ጉዞ ከናናክ ትምህርት ጋር አይስማማም የሚሉ አሉ። እኛ ክርክሩን ቀላል አድርገን አናየውም፤ ናናክ የነቀፈው ልማድ በራሱ ልጆች ቤት ተመልሶ ገብቷል ወይስ አልገባም የሚለው ጥያቄ ነውና።

ከጋንጋሪያ መንደር ተነሥቶ ሐይቁ ዘንድ ለመድረስ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ዳገት አለ። ከላይ ሲደርሱ ሂንዱም ይሁን ሲክ ከጉርድዋራው ወጥ ቤት ትኩስ ሻይና ከሩዝ ከምስር የተቀቀለ ምግብ በነጻ ይሰጠዋል። ማደሪያ ግን ስለሌለ ሁሉም በዚያው ቀን ይወርዳል።