የመንገደኛ ሳሙና
በቤት ስለሚሠራውና በሆቴል ስለሚታደሰው ሳሙና የተሰጠ ትምህርት

ሰው በገዛ ቤቱ ሳለ ውሃውና ሳሙናው ከቦታቸው ስለማይታጡ እጁን መታጠብ ልማድ ይሆንለታል። ከቤቱ በወጣ ጊዜ ግን ይህ መልካም ልማድ ይቋረጣል። ከሌሞ ቀበሌዎች ለስብሰባ ወደ ሆሳዕና የመጣ መምህር ወይም ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በቡታጅራና በወራቤ በኩል ሲጓዝ የዋለ ነጋዴ፣ የመኪናውን ብረትና ብዙ እጅ ያለፈበትን የብር ኖት ሲነካ ውሎ ሆቴል ይገባል። ቆጮው ቀርቦ ሲጠብቀው ከመታጠቢያው ዘንድ ሳሙና ቢያጣ፣ እጁን በውሃ ብቻ አለቅልቆ ለመብላት ይቀመጣል። የተቅማጥ በሽታና የሆድ ትላትል መንገድ የሚያገኙት በዚህ ጊዜ ነው።

ውሃ ብቻውን ስብን አያስለቅቅም፤ ጀርሞችም ከእጅ ስብና እድፍ ጋር ተጣብቀው ይቀራሉ። ሳሙና ግን በአንድ ወገን ስብን፣ በሌላው ወገን ውሃን ስለሚይዝ እድፉን ከነጀርሙ አላቆ ያወርደዋል። ስለዚህ መንገደኛ ከስንቁ ጋር ሳሙናውንም መያዝ ይገባዋል።

፩. በቤት የሚሠራ

ሳሙና ለመሥራት የሚከተለው ያስፈልጋል፤
ንጹሕ የቀለጠ ሞራ 1 ኪሎ ግራም፣
ንጹሕ ኮስቲክ ሶዳ 130 ግራም፣
ቀዝቃዛ ውሃ 350 ግራም።

ሁሉም በሚዛን ይለካ እንጂ በግምት አይደረግ። ኮስቲክ ሶዳ ቢበዛ ሳሙናው ቆዳን ያቃጥላል። ሠሪው ጓንትና መነጽር አድርጎ፣ ሕፃናትን አርቆ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይሥራ። ኮስቲኩን በጥቂት በጥቂቱ ወደ ውሃው ይጨምር፤ ውሃውን በኮስቲኩ ላይ ማፍሰስ ግን ክልክል ነው፤ በድንገት ፈልቶ ፊት ላይ ይረጫልና። የአሉሚኒየም ዕቃም አይጠቀም፤ ኮስቲክ ይበላዋል።

የኮስቲኩ ውሃና የቀለጠው ሞራ ሁለቱም ከ40 እስከ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርሱ፣ ውሃውን በሞራው ላይ በቀስታ እያፈሰሰ ያማስል። እንደ አጥሚት ሲወፍር በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይገልብጠው። ከ1 ወይም ከ2 ቀን በኋላ በጓንት አውጥቶ ይቁረጠውና ነፋስ በሚያገኘው መደርደሪያ ላይ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ያድርቀው። እንግዲህ በሰኔ ለመጓዝ ያሰበ በሚያዝያ ይሥራ ማለት ነው።

፪. በሆቴል ስለማይሠራው

አንዳንድ ሰው ሆቴል ውስጥ ብዙ ቀን ሲሰነብት ሳሙናውን እዚያው ልሥራ ይል ይሆናል። ይህ አይገባም። በጠባብ ክፍል ውስጥ የኮስቲክ ጭስ ሳንባን ይጎዳል፤ ሳሙናውም ሳይደርቅ እንግዳው ይሄዳል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ኮስቲክን በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ይዞ መዞር ነው። የኮስቲክ ውሃ ከመጠጥ ውሃ በመልክ አይለይም፤ የተጠማ ሕፃን አንድ ጊዜ ቢጎነጭ ጉሮሮው ተቃጥሎ ዕድሜ ልኩን መዋጥ ሊያቅተው ይችላል።

አደጋ ቢደርስ ዓይን ወይም ቆዳ የነካውን ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ ማጠብ ነው። የዋጠውን አፉን አጉመጥምጦ ወደ ሐኪም ማድረስ እንጂ እንዲያስታውክ ማድረግ አይገባም፤ ሲመለስ ዳግመኛ ያቃጥላልና። በሆሳዕና ያለ ሰው ወደ ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል ይፍጠን።

፫. በሆቴል የሚታደስ

መንገደኛ ያለ አንዳች አደጋ ሊያደርጋቸው የሚችሉ ሁለት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው የራስን የሳሙና ስባሪ ማደስ ነው። ስባሪውን አለቅልቆ በስሱ መክተፍ፤ ለሁለት ስኒ ክታፊ ግማሽ ስኒ ሙቅ ውሃ ከወጥ ቤት ለምኖ ማፍሰስ፤ ሸፍኖ ማሳደር። ሲነጋ በእጅ አሽቶና ጨምቆ ማድቦልቦል፣ ጥቂት ቀንም ማድረቅ ነው። ሳይደርቅ በመሐሉ ቀዳዳ አበጅተው የእንሰት ቃጫ ገመድ ቢያስገቡበት ተንጠልጥሎ ይደርቃል፤ በውሃ ላይ ተኝቶም አይሟሟም።

ሁለተኛው የሳሙና ውሃ ነው። 30 ግራም የልብስ ዱቄት ሳሙና በ1 ሊትር ተኩል ውሃ በጥብጦ፣ በጠርሙሱ ክዳን ላይ ትንሽ ቀዳዳ መብሳት ነው። ለብዙ ሰው እጅ ይበቃል። በጠርሙሱ ላይ ግን «ሳሙና ነው፤ አይጠጣም» ተብሎ በጉልህ ይጻፍ።

ከሳሙናው ጋር የራስን ፎጣ መያዝም አይዘንጋ። ፊት የተጠረገበትን ፎጣ መጋራት የዓይን ማዝ በሽታን ያስተላልፋል።

፬. ሳሙና ፈጽሞ ሲታጣ

ንጹሕና የቀዘቀዘ የእንጨት አመድ ሳሙና እስኪገኝ ድረስ እጅን ለማሸት ያገለግላል፤ ነገር ግን ቆዳን ስለሚያደርቅ በብዙ ውሃ መለቅለቅ አለበት። እናቶቻችን ነጠላና ጋቢ ያጠቡበት የነበረው እንዶድ ግን ለልብስ ነው፤ ቢበሉት መርዝ ነው፤ ዓይንንም ይለበልባል። ኃይሉን ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ አስተውለዋል፤ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ባጠቡበት ወንዝ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ።

ለመምህራን

ተማሪዎችን እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፤
1. ኮስቲክ ወደ ውሃ እንጂ ውሃ ወደ ኮስቲክ የማይጨመረው ስለምንድን ነው?
2. ኮስቲክ የዋጠ ሰው እንዲያስታውክ የማይደረገው ለምንድን ነው?
3. በቤታችሁ መለያ ጽሑፍ የሌለው ጠርሙስ አለን? ምን ይዟል?

ሦስተኛውን ጥያቄ ተማሪዎች ከቤታቸው አይተው በማግሥቱ ይመልሱ። እጅን በሳሙና ለ20 ሰከንድ አሽቶ መታጠብ፣ ከምግብ በፊትና ከመጸዳጃ ቤት በኋላ፣ በቤትም በመንገድም አንድ ነው። ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ።