ዝናብ ሳይዘንብ ስለሚያንጠባጥብ የቆርቆሮ ቤት

እናቶች ሆይ፤ በጥር ወር ሰማዩ ጥርት ብሎ ባደረበት ሌሊት፣ ሊነጋ ሲል ከቆርቆሮው ውሃ ጠብ ጠብ ሲል ሰምታችሁ ይሆናል። በእንጅባራ አካባቢ ወደ አንዲት እናት ቤት ገብቼ የልጃቸውን ብርድ ልብስ ረጥቦ አገኘሁት። «ጣራው ያፈሳል፤ ምስማሩን ሁለት ጊዜ አስመታሁ፣ ቀዳዳውን ሁሉ በጭቃና በጨርቅ ደፈንሁ፤ ኧረ ባሰበት እንጂ አልተወኝም!» አሉኝ።

ጣራው ግን አያፈስም ነበር። የሚያፈስ ጣራ ሲዘንብ፣ ያውም በቀዳዳው በኩል ብቻ ያንጠባጥባል። ያለ ዝናብ ከዳር እስከ ዳር የሚያንጠባጥበው የቆርቆሮው ላብ ነው። ሽሮ ሲፈላ የድስቱን ክዳን ብታነሡ ከውስጥ በኩል ውሃ ይዞ ታገኙታላችሁ፤ ቤትም እንዲሁ ነው። የተኛ ሰው ትንፋሽ፣ አብረው የሚያድሩ ከብቶች ትንፋሽ፣ የወጡም እንፋሎት ወደ ላይ ይወጣል። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር የሚበልጥ ደጋ ነውና ቆርቆሮው ሌሊት ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ እንፋሎቱም እርሱን ሲነካ ውሃ ይሆናል። የሣር ክዳን እንዲህ አያስቸግርም ነበር፤ ሣር እንደ ቆርቆሮ አይቀዘቅዝም፣ አየርም ያሳልፋል።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን ውሃው አይደለም። በልጁ መኝታ አጠገብ የከሰል ማንደጃ አየሁ። በፋግታ ለኮማ ገበሬው ዲከረንስ እየተከለ ከሰል ያከስላል፤ በእኛ አገር ከሰል ከቤት አይጠፋም። እናቲቱም «ጠዋት ጠዋት ራሴን ይከብደኛል፣ ልጁንም ያስመልሰዋል» አሉኝ። ከሰል ሽታም ቀለምም የሌለው መርዘኛ ጋዝ ያወጣል፤ ጢሱ ያለቀ ፍም እንኳ ይገድላል። እንፋሎቱን አፍኖ የያዘ ቤት ይህንንም መርዝ አፍኖ ይይዛል። ስለዚህ ከመተኛታችሁ በፊት ማንደጃው ከነፍሙ ወደ ደጅ ይውጣ። መስኮት ገርበብ አድርጎ ከከሰል ጋር መተኛትም አያድንም። እንዲህ ያለ ሕመም የተሰማው ሰው ወዲያው ወደ ውጭ ይውጣ፤ ወደ ጤና ጣቢያም ይሂድ።

ለላቡ መድኃኒቱ የተደፈነውን መክፈት ነው። በግድግዳውና በጣራው መካከል ትይዩ በሆኑ ሁለት ወገኖች ክፍተት ተዉ፤ ጠዋት በርና መስኮት ክፈቱ። አዊ የቀርቀሃ አገር ነውና የቀርቀሃ ምንጣፍ ኮርኒስ ቢደረግ ጠብታው መኝታ ላይ አይወርድም፤ ከኮርኒሱ በላይ ግን አየር ይተላለፍ። እህሉም በእንጨት ወይም በድንጋይ ላይ ከፍ ብሎ፣ ከግድግዳ ርቆ ይቀመጥ። የሻገተ እህል ቢታጠብም ቢጋገርም መርዙ አይለቅምና ለልጆች አትስጡ።

«ታዲያ ብርዱስ?» አሉኝ እናቲቱ፤ እውነታቸውን ነው። ክፍተቱ ከራስ በላይ ስለሆነ ነፋሱ የተኛውን አይመታም። ልጁንም በደረቅ ጋቢ ጠቅልሉት፤ ሲነጋ ጋቢውን ፀሐይ ላይ አስጡት።